ነጥቡና የጤና ጣቢያው በር፦ ለጨረራ ድንገተኛ አደጋ ያለው ሀገራዊ ዝግጁነት እንዴት ይመዘናል?

አንድ ሀገር ለጨረራ ድንገተኛ አደጋ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ ሲጠየቅ ዛሬ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ ወይም በመቶኛ ይገለጻል፤ ከሌሎች ሀገሮች ቁጥር ጎን ተቀምጦ ይነጻጸራል፤ በዓመቱ ከፍ ካለ መሻሻል፣ ዝቅ ካለ ጉድለት ተብሎ ይመዘገባል። ይህ አሠራር የሚጠቅም መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ቁጥሩ የሚለካው ነገርና አደጋው በሚደርስበት ሰዓት የሰው ሕይወት የሚያተርፈው ነገር አንድ መሆናቸው በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው። የጽሑፉ ዓላማ መለኪያውን ማጣጣል አይደለም፤ ባለፉት አሥርተ ዓመታት የደረሱትን አደጋዎች በማስታወስ መለኪያው የት ላይ እንደሚያይና የት ላይ እንደማያይ ማሳየት ነው።

መለኪያው ምን ይለካል?

እ.ኤ.አ. በ2005 ተሻሽሎ ከሰኔ 15 ቀን 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ ከቀድሞው ደንብ የሚለይበት ዋነኛ ነጥብ የተላላፊ በሽታዎችን አጥር መሻገሩ ነው። ደንቡ መነሻው ምንም ይሁን ምን ዓለም አቀፍ አሳሳቢነት ያለውን ማናቸውንም የኅብረተሰብ ጤና አደጋ ይመለከታል፤ በመሆኑም የኬሚካልና የጨረራ አደጋዎችም በጤናው ዘርፍ ኃላፊነት ሥር ገብተዋል። የደንቡ ፈራሚ ሀገሮች አቅማቸውን በየዓመቱ ራሳቸው መዝነው ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ያደርጋሉ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የጋራ የውጭ ግምገማ የተሰኘ፣ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና ከሌላ ሀገር የመጡ ባለሙያዎች የሚሳተፉበት መመዘኛ ተጨምሯል። ይህ መመዘኛ በ2018 እና በ2022 ተሻሽሎ ወጥቷል። ኢትዮጵያም በመጋቢት ወር 2016 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ግምገማ ካስተናገዱት የመጀመሪያዎቹ የአፍሪካ ሀገሮች አንዷ ናት።

በመመዘኛው ውስጥ ካሉት 19 የሙያ ዘርፎች አንዱ የጨረራ ድንገተኛ አደጋ ነው። በዚህ ዘርፍ ሥር የሚጠየቁት ጥያቄዎች በጥቅሉ ሁለት ናቸው፤ አደጋውን ለይቶ ለማወቅና ምላሽ ለመስጠት የሚያስችል ሥርዓት አለ ወይ? ሥርዓቱስ እንዲሠራ የሚያስችሉ ሕግ፣ ዕቅድና ቅንጅት ተሟልተዋል ወይ? በየዓመቱ በሚቀርበው የራስ ግምገማ ደግሞ ዘርፉ በአንድ ነጠላ አመልካች ብቻ ይለካል። አንድ ሀገር የቁጥጥር ባለሥልጣን ካቋቋመ፣ ብሔራዊ ዕቅድ ካጸደቀ፣ በጤና ሚኒስቴርና በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መካከል የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረመና ልምምድ ካካሄደ ነጥቡ ከፍ ይላል።

እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የተቋማት መኖርና መገናኘት መለኪያዎች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። መነሻ ሐሳባቸው አደጋው አደጋ መሆኑ ታውቆ ይጀምራል የሚል ነው፤ ማለትም ሳይረን ይጮኻል፣ አንድ ተቋም ለሌላው ይደውላል፣ ዕቅዱ ከመደርደሪያ ይወርዳል። የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ባለባቸው ሀገሮች ይህ ግምት በከፊል ይሠራል። ማመንጫ በሌለባቸው አብዛኞቹ የዓለም ሀገሮች ግን ሰው የገደሉት የጨረራ አደጋዎች የጀመሩት በሳይረን ሳይሆን ትውከት ይዞት ወደ ጤና ተቋም በሄደ ሰው ነው።

ከጎያኒያ የተገኘው ትምህርት

በብራዚል ጎያኒያ ከተማ የነበረ አንድ የግል የጨረራ ሕክምና ተቋም በ1985 ቦታ ሲለቅ፣ ሲዚየም-137 የያዘ አንድ የሕክምና መሣሪያ በተተወው ሕንፃ ውስጥ ቀረ። መስከረም 13 ቀን 1987 ሁለት ሰዎች ወደ ፍርስራሹ ገብተው ውራጅ ብረት ነው በማለት የመሣሪያውን ራስ ፈትተው ወሰዱ። የጨረራ ምንጩ 50.9 ቴራቤክሬል ያህል ኃይል ነበረው። ሁለቱም ሰዎች በዚያው ዕለት ማስመለስ ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዱ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ሐኪም ሲሄድ የተሰጠው የምርመራ ውጤት ከተበላሸ ምግብ የመጣ አለርጂ የሚል ነበር።

ብረቱ ለአንድ የውራጅ ነጋዴ ተሸጠ። ነጋዴው በሌሊት ከውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አይቶ ተደነቀ፤ ዕንቁ ያገኘ ያህል ወደ ቤቱ አስገባው፤ ለወዳጅ ዘመድም አሳየ፣ አከፋፈለ። የሲዚየም ክሎራይድ ዱቄት በቀላሉ የሚበተንና በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ። አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን በዱቄቱ ስትጫወት ቆይታ በዚያው እጅዋ ምግብ በላች። የነጋዴው ባለቤት በበኩሏ ስትታመም ወደ ሐኪም ተወስዳ ለሁለተኛ ጊዜ ያው የምግብ አለርጂ የሚል መልስ ተሰጣት፤ ዕረፍት እንድታደርግም ወደ ቤቷ ተላከች።

የአደጋውን መንስኤ መጀመሪያ የጠረጠረችው እርሷ ናት። በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች በአንድ ሰሞን አንድ ዓይነት ሕመም እንደያዛቸው አስተዋለች፤ ሕመሙንም ቤቷ ከገባው ብረት ጋር አያያዘችው። በቅኝት ሙያ ቋንቋ ቢገለጽ በቦታና በጊዜ የተሰባሰቡ ሕሙማንን ለየች፣ የጋራ መጋለጫም ፈለገች ማለት ነው። መስከረም 28 ቀን ከአንድ ሠራተኛ ጋር ቅሪቱን በከረጢት ይዛ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ከተማው የጤና ቁጥጥር ቢሮ ሄደች፤ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣም ቤተሰቧን እየጨረሰ ያለው ይህ መሆኑን ነገረችው። ሐኪሙ ምንነቱን ባያውቅም አላሰናበታትም። ዕቃውን ወደ ግቢው አስወጥቶ በወንበር ላይ አስቀመጠው።

በዚያው ጊዜ በከተማው የሐሩር በሽታዎች ሆስፒታል ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው በርካታ ሕሙማን ተኝተው የሐሩር በሽታ እንደያዛቸው ተገምቶ ነበር። እዚያ የነበረ አንድ ሐኪም ግን የቆዳቸው ቁስል ከጨረራ የመጣ ቃጠሎ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ። ሁለቱ ወሬዎች ሲገናኙ አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ዩራኒየም ለመፈለጊያ የሚያገለግል መለኪያ ተውሶ ወደ ቢሮው ሲያመራ፣ የመሣሪያው መርፌ ገና ከሩቅ እስከ መጨረሻው ስለ ዘለለ የተበላሸ መስሎት ሌላ መሣሪያ ሊለውጥ ተመለሰ። ሁለተኛውም ያንኑ ሲያሳይ እውነቱ ተገለጠለት። ቢሮው በደረሰ ጊዜ ዕቃውን እንዲያነሡ የተጠሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ወንዝ ሊጥሉት ተዘጋጅተው ስለ ነበር በመጨረሻው ሰዓት አስቆማቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው የታወቀ ነው። ከ112,000 የሚበልጡ ሰዎች በከተማው ስታዲየም ተመረመሩ፤ 249 ያህሉ ተበክለው ተገኙ። ሕፃኒቱንና የነጋዴውን ባለቤት ጨምሮ 4 ሰዎች ሞቱ። ሰባት ቤቶች ፈረሱ። የሟቾቹ ቀብር በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ሲፈጸም በፍርሃት የተነሣ ሕዝብ ድንጋይ ወረወረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ነጥሎ ማውጣት ይቻላል። አንደኛው፣ ከመጀመሪያው የሕክምና ጉብኝት እስከ ትክክለኛው ልየታ ድረስ 14 ቀናት ማለፋቸው ነው። አብዛኛው ብክለት የተስፋፋው በእነዚሁ ቀናት ነው። ሁለተኛው፣ ብራዚል በወቅቱ ብሔራዊ የኑክሊየር ኮሚሽን፣ የራሷ የኃይል ማመንጫና ብቁ ባለሙያዎች የነበሯት ሀገር መሆኗ ነው። በዛሬው መመዘኛ ብትመዘን ባዶ ወረቀት አታስረክብም ነበር። ክፍተቱ የነበረው በኮሚሽኑና በመጀመሪያው የሕክምና ክፍል መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው፤ ይህን ርቀት የሚለካ አመልካች ግን ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም በበቂ ሁኔታ የለም።

ተመሳሳይ ክስተቶች በሌሎች ሀገሮች

ጎያኒያ ብቻውን የቆመ ክስተት ቢሆን ኖሮ ይህ ትችት ሚዛን ባልደፋ ነበር። ነገር ግን በታይላንድ ሳሙት ፕራካን በ2000 መጀመሪያ ላይ ከአገልግሎት የወጣ የኮባልት-60 የሕክምና መሣሪያ ራስ በውራጅ ብረት ቤት ተፈታ፤ 10 ሰዎች ከፍተኛ መጠን ያለው ጨረራ ተቀበሉ፣ 3 ሞቱ። ለባለሥልጣኑ ጥርጣሬውን ያሳወቁት ማስመለስን፣ የቆዳ ቃጠሎንና የነጭ የደም ሕዋሳት ማነስን በአንድ ላይ አገናዝበው የተመለከቱ ሐኪሞች ናቸው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አደጋውን ያወቀው ከሆስፒታሉ ነው እንጂ ሆስፒታሉ ከተቆጣጣሪው አይደለም።

በዚያው ዓመት በግብፅ ሚት ሐልፋ መንደር አንድ ገበሬ ለብረት ብየዳ ጥራት መፈተሻ የሚያገለግል ኢሪዲየም-192 መሬት ላይ አገኘ፤ ውድ ማዕድን መስሎት በግንቦት መጀመሪያ ወደ ቤቱ ወሰደው። የ9 ዓመት ልጁ በሰኔ መጀመሪያ፣ አባትየውም ከቀናት በኋላ ሞቱ። ምንጩ የተገኘው በሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። በጆርጂያ ሊያ አካባቢ በ2001 ታኅሣሥ ወር እንጨት ሊለቅሙ ጫካ የገቡ ሦስት ሰዎች በዙሪያው በረዶ የቀለጠበት ትኩስ ብረት አገኙ፤ ከሶቪየት ዘመን የቀረ ስትሮንቲየም-90 መሆኑን ሳያውቁ ሌሊቱን ሲሞቁት አደሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሕክምና በኋላ አረፈ። በሕንድ ዴልሂ ከተማ ማያፑሪ በተባለው የውራጅ ብረት ገበያ በ2010 ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በጨረታ የተሸጠ የኮባልት-60 መሣሪያ ተፈትቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ፣ ሌሎችም ተጎዱ።

የእነዚህን ክስተቶች የጋራ ገጽ መዘርዘር አይከብድም። ምንጩ ባለቤት አልባ ወይም የተረሳ ነው። የሚያገኘው ሰው ድሀ ነው፤ ብረቱ ለእርሱ እንጀራ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ማስመለስ ወይም የቆዳ ቁስል ነው። የመጀመሪያው ተመልካች ጨረራን በዕለት ሥራው አጋጥሞት የማያውቅ የጤና ባለሙያ ነው። እንግዲህ ዝግጁነት የሚፈተነው በዚህ ተመልካች ፊት ነው። ብሔራዊ ዕቅዱ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን ይህ ባለሙያ ካልጠረጠረ አይነቃም።

የሀብታም ሀገሮች ጉድለት

ጉድለቱ የድህነት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። በአሜሪካ ለክልል መንግሥታት የጤና መምሪያዎች በ2010 የተደረገው መጠይቅ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከ50ዎቹ ክልሎች 38ቱ መልስ ሰጥተዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የጽሑፍ ዕቅድ ነበራቸው፤ ዕቅዶቹም ለሕዝብ መረጃ የሚሰጥበትን መንገድ በዝርዝር ይዘዋል። ነገር ግን በሰው ጤና ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመከታተል የሚያስችል የቅኝት ዝግጅት አብዛኞቹ አላደረጉም ወይም ያደረጉት እጅግ ጥቂት ነበር። የተጋላጭነት መጠንን ለመገመት፣ ናሙና ለመሰብሰብና ለመመርመር የሚያስችል የጽሑፍ ዕቅድ የነበራቸው ከግማሽ በታች ናቸው። የኑክሊየር ማመንጫ ያለባቸው ክልሎች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህ ውጤት ሁለት ቁም ነገሮችን ያስጨብጣል። አንደኛ፣ የመምሪያዎቹ ጥንካሬ የተገኘው ሰነድ በሚጠየቅበት ቦታ ሲሆን ድክመታቸው የታየው የሰው ልጅ አካል በሚመረመርበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ዝግጅት የሚከተለው የሚታየውን አደጋ ነው፤ ማመንጫው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ በተረሳ መጋዘን ያለው ትንሽ የእርሳስ ዕቃ ግን አይታይም። መጠይቁ የሚመሰገነው ይህን ልዩነት ለማሳየት የሚበቃ ዝርዝር ስለ ነበረው ነው። አንድ ድምር ቁጥር ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ጥንካሬውና ድክመቱ ተደባልቀው አማካይ ነጥብ በሆኑ፣ ክፍተቱም ከዓይን በተሰወረ ነበር።

ፍርሃትም ጉዳት ነው

መመዘኛው የሚዘነጋው ሌላው ነገር ከጨረራው ይልቅ ምላሹ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በጃፓን ፉኩሺማ በመጋቢት 2011 ከደረሰው አደጋ በኋላ በአጣዳፊ የጨረራ ሕመም የሞተ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በማመንጫው ዙሪያ ከነበሩ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች በጥድፊያ ከወጡት ሕሙማን ከ50 በላይ የሚሆኑት በጉዞ ላይ ወይም ከጉዞው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል። ምክንያቱ ውኃ ማጣት፣ ብርድና የሕክምና ክትትል መቋረጥ ነው። ጃፓን በዕቅድም፣ በመሣሪያም፣ በልምምድም ከማንም የማታንስ ሀገር መሆኗ የታወቀ ነው።

በጎያኒያም ከተበከሉት ቁጥር ጋር ሲነጻጸር የተመረመረው ሕዝብ ብዛት እጅግ የበዛ ነው፤ አንድ የተበከለ ሰው ለማግኘት 450 ያህል ሰዎች መመርመር ነበረባቸው። ከተመርማሪዎቹ መካከል ጨረራ ሳይነካቸው በፍርሃት ብቻ የሚያስመልሳቸውና ቆዳቸው የሚቀላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። የከተማዋ ተወላጆች በሌላ ቦታ ሆቴል ተከለከሉ፣ ምርታቸውም ገዢ አጣ። የጤና ባለሙያውም ከዚህ ፍርሃት ነፃ አይደለም። የተበከለ ሕሙም ልብሱ ከወለቀና ገላው ከታጠበ በኋላ የተለመደውን ጥንቃቄ ለሚያደርግ ባለሙያ የሚያስከትለው አደጋ አነስተኛ መሆኑን ያልተማረ ሠራተኛ፣ ደም የሚፈስሰውን ሰው በሩ ላይ ሊያቆየው ይችላል። ይህ ከሆነ ጨረራው ያልገደለውን ሰው ፍርሃቱ ይገድለዋል። አንድ ሀገር ይህን መከላከል መቻል አለመቻሉን የሚጠይቅ አመልካች ዋጋው ከአንድ የመግባቢያ ሰነድ አያንስም።

ለመለኪያው የሚቀርብ መከላከያ

መለኪያውን የሚደግፉ ወገኖች የሚያነሡት ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ይላሉ፣ የጨረራ አደጋ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ኩፍኝ፣ ኮሌራና ወባ በየዓመቱ ሕፃናትን በሚቀጥፉበት ሀገር ለዚህ የሚመደብ ጊዜና ገንዘብ ከሌላው የሚነጠቅ ነው። ሁለተኛም፣ ተቋምና ሕግ ሳይኖር የጤና ባለሙያውን ማሠልጠን ጣራ ሳይቆም ክዳን እንደ መግዛት ነው፤ ባለሙያው ቢጠረጥር እንኳ ለማን ይደውላል? ሦስተኛም፣ መለኪያው ለሁሉም ሀገር አንድ መሆን ስላለበት ጥቅል መሆኑ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር እውነትነት አለው፤ ሆኖም የሚደግፈው የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ነው። ሀብት ውስን ከሆነ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ርካሹና ብዙ የሚያተርፈው ነው። አንድ ገጽ የሥራ መመሪያና አንድ ስልክ ቁጥር ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይረክሳሉ። ሁለተኛው ክርክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወደ ኋላም ሲነበብ ያው እውነት ነው፤ የሚደውል ሰው ከሌለ ስልኩን የሚያነሣው ተቋም ሥራ ፈት ይሆናል። ሦስተኛውን በተመለከተ፣ ጥቅል መለኪያ በራሱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የሚመጣው ሀገሮች ያንን ጥቅል ቁጥር እንደ መነሻ ሳይሆን እንደ መድረሻ ሲቆጥሩት ነው። መመዘኛውን ያዘጋጁት ባለሙያዎችም ከነጥቡ ይልቅ ከነጥቡ ጋር የሚጻፈው የምክር ሐሳብ እንዲበልጥ ማሰባቸው አይካድም። ነገር ግን ሪፖርቱ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሲገባ የሚነበበው ቁጥሩ ነው።

ኢትዮጵያን በተመለከተ

በኢትዮጵያ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ የለም። የጨረራ አመንጪ ቁሶች ግን በሕክምና፣ በኢንዱስትሪ፣ በመንገድ ግንባታና በምርምር ሥራ ያገለግላሉ። የካንሰር ሕሙማን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በኮባልት-60 መሣሪያ ታክመዋል፤ ይህ አገልግሎት ያተረፈውን ሕይወት የሚዘነጋ የለም። በሕግ በኩልም ሀገሪቱ ዘግይታለች አይባልም። የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79/1986 ወጥቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 571/2000 እና በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ሕጉ ተሻሽሏል። በጤናው ወገን ደግሞ ከበሽታ ስም ዝርዝር ባሻገር ጭምጭምታን መዝግቦ የማጣራት አሠራር በየደረጃው ተዘርግቷል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ሁኔታ ትልቁ ጥያቄ ሕግ አለ ወይስ የለም የሚለው አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ በየሰፈሩ እየዞረ ብረት የሚገዛው ቆራሌ፣ ወይም ውራጅ ብረት የሚለይ የማቅለጫ ፋብሪካ የቀን ሠራተኛ፣ እጁ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስልና የማያቋርጥ ማስመለስ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ ያየው ባለሙያ ሥራው ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል ወይ? ከእርሱ ጋር የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች መታመማቸውን ይጠይቃል ወይ? የደም ምርመራውን ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ያያል ወይ? ቢጠረጥርስ የሚደውልበት ቁጥር በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንም ወቀሳ አይደሉም። ማንኛውም ወረዳ በአንድ ጠዋት ራሱን ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ናቸው።

ምን ቢለካ ይሻላል?

ከላይ ከተጠቀሱት ክስተቶች ተነሥቶ፣ ያለውን መመዘኛ ሳያፈርስ የሚያጠናክረው አምስት መለኪያ ማቅረብ ይቻላል።

1. የጥርጣሬ ጊዜ። በተመረጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች፣ በወረቀት የተጻፈ የሕሙም ታሪክ ለተረኛ ባለሙያዎች ቀርቦ ጨረራ በስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚታሰብ መመዝገብ። ምክንያቱ ያልታወቀ የቆዳ ቃጠሎ፣ ሙቀት እንደነካው የማያስታውስ ሕሙም፣ በአንድ ቤት ወይም በአንድ የሥራ ቦታ የተሰባሰበ ማስመለስ፣ የፀጉር መርገፍ፣ እንዲሁም በ48 ሰዓት ውስጥ የሚያሽቆለቁል የሊምፎሳይት ቁጥር ማንኛውንም ባለሙያ ሊያነቁ የሚገባቸው ምልክቶች ናቸው። ማስመለሱ ከመጋለጡ በኋላ በቶሎ በጀመረ መጠን የተወሰደው ጨረራ ከፍተኛ ስለመሆኑ ይጠቁማል።

2. የጥሪ ጊዜ። ከጥርጣሬ እስከ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ድረስ ስንት ስልክ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በበዓል ቀንም ጭምር ደውሎ መፈተሽ።

3. የመጀመሪያ እንክብካቤ። ሕይወትን የሚያሰጋ ጉዳት ከብክለት ምርመራ በፊት መታከም እንዳለበት፣ መጋለጥና መበከል የተለያዩ መሆናቸውን፣ የውጭ ልብስን ማውለቅ ብቻ አብዛኛውን የላይ ብክለት እንደሚያስወግድ ሠራተኞች ማወቃቸውን በተግባር ማየት።

4. የመድኃኒት ዕውቀት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለጨረራና ለኑክሊየር አደጋ ሊከማቹ የሚገባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አድሶ አውጥቷል። ለሲዚየም የሚሰጠው ፕሩሺያን ብሉ ሲሆን አዮዲን ታብሌት የሚከላከለው የእንቅርት ዕጢን ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ነው፤ ለኮባልትም ሆነ ለሲዚየም አይረዳም። እያንዳንዱ ሀገር ሁሉንም ማከማቸት ላይችል ይችላል፤ ከየት፣ በማን በኩል፣ በስንት ቀን እንደሚመጣ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በ1986 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ስምምነትና የዓለም ጤና ድርጅት የጨረራ ሕክምና መረብ የቆሙት ለዚሁ ነው።

5. የምንጩ ዕድሜ ልክ ክትትል። ከአገልግሎት የወጣ እያንዳንዱ የጨረራ አመንጪ ቁስ የት እንዳለ፣ በማን ቁልፍ እንደተቆለፈ በየዓመቱ መቁጠር። በጎያኒያ፣ በሳሙት ፕራካንና በማያፑሪ የሰው ሕይወት የጠፋው በሥራ ላይ ባለ ሳይሆን ሥራ ባቆመ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ሥራ ሲያቆም ጨረራው አብሮ እንደማያቆም የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ሊያውቁ ይገባል።

ማጠቃለያ

የጨረራ አደጋ ዝግጁነትን በቁጥር መግለጽ ክፉ አይደለም። ክፉው ቁጥሩ ከፍ ሲል መተኛት ነው። በጎያኒያ ብዙ ሕይወት ያተረፉት በወቅቱ በማንኛውም መመዘኛ ያልተቆጠሩ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በዙሪያዋ ያለውን ሕመም ያስተዋለች አንዲት ሴት፣ ያመጣችውን አቤቱታ ሳይንቅ የተቀበለ አንድ ሐኪም፣ የቆዳ ቁስልን አይቶ ከተለመደው ምርመራ ወጣ ብሎ ያሰበ ሌላ ሐኪም። እርሷ ግን ሌሎችን ያተረፈችበት ጥርጣሬ ለራሷ ዘግይቶ ስለ ደረሰ በጥቅምት ወር 1987 አረፈች። ሐኪም ዘንድ ቀርባ ወደ ቤቷ በተመለሰችበት ቀን የጨረራ ነገር ቢታሰብ ኖሮ የእርሷም ሆነ የሕፃኒቱ ዕጣ ሌላ ሊሆን ይችል እንደ ነበር ማሰብ ያሳዝናል፤ ያስተምራልም።

እንግዲህ ሀገራዊ ዝግጁነትን የሚመዝኑ ሁሉ ሰነዶቹን አገላብጠው ከጨረሱ በኋላ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ከዋና ከተማ ርቆ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ተመላላሽ ሕሙማን ክፍል። እዚያ ያለው ባለሙያ የሚሰጠው መልስ ከሰነዱ ጋር ከተስማማ ነጥቡ እውነተኛ ነው። ካልተስማማ ግን መታረም ያለበት የባለሙያው መልስ ብቻ ሳይሆን ነጥቡም ጭምር ነው።